የአውራ ጣት ሥር ሕመም፦ ጅማቱ ነው፣ ነርቩ ወይስ መገጣጠሚያው?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 56 ነው፤ የምተዳደረው ሹሩባ በመሥራት ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ የቀኝ አውራ ጣቴ ሥር ያመኛል። ቁልፍ ስጠመዝዝ፣ የጠርሙስ ክዳን ስከፍት፣ ቀጭን ፀጉር ቆንጥጬ ስይዝ ይብስብኛል። አንድ ሐኪም ‹የጅማት ብግነት ነው› ብሎ አንጓዬ ላይ መርፌ ወጋኝ፤ ለውጥ አላየሁም። ሌላው ራጅ አስነሥቶ ‹መገጣጠሚያው ተበልቷል› አለኝ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ኳስ እንድጨምቅ አዘዘችኝ፤ በጨመቅሁ ቁጥር ሕመሙ ይነሣብኛል። ውጭ አገር ያለ ዘመዴ ነርቩን ቆርጠው ሕመሙን የሚያጠፉ ሐኪሞች አሉ አለኝ። ነርቭ ተቆርጦ እጄ ሽባ አይሆንም ወይ? እዚያ ቦታ ላይ ያሉት ጅማቶችና ነርቮች ምን ምን እንደሆኑ ቢያስረዱኝ።»

ምላሽ፦

ስጋትዎ መጨረሻው ላይ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። በአግባቡ ከተሠራ እጅዎ ሽባ አይሆንም። በዚያ ቀዶ ሕክምና የሚቆረጡት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ከመገጣጠሚያው ስሜት የሚያደርሱ እንጂ ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱ አይደሉም። ቀዶ ሕክምናው ለእርስዎ ይሆናል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እርሱን ለመመለስ የሚያምዎት ነገር የቱ እንደሆነ አስቀድሞ መለየት አለበት። ከጻፉልኝ እንደምረዳው ዋናው ችግር የመገጣጠሚያው መበላት፣ ማለትም ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። የሌሊቱ መደንዘዝ ግን ከዚህ ጋር አብሮ የሚኖር ሌላ በሽታ ይመስለኛል። እጅዎን ሳልዳስስ የምጽፍ በመሆኑ ይህን ግምት ብለው ይያዙት።

ከዚህ በታች ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውን ጅማት፣ አጥንትን ከአጥንት አጥብቆ የሚይዘውን ደግሞ ሊጋመንት እላለሁ። የላቲን ስሞቹንም የምጠቅሰው በሕክምና ወረቀትዎ ላይ ሊያገኟቸው ስለሚችሉ ነው እንጂ እንዲያጠኗቸው አይደለም።

ሕመሙ ያለበት መገጣጠሚያ ትራፔዚየም የምትባል ትንሽ የአንጓ አጥንት ከአውራ ጣቱ የመዳፍ አጥንት ጋር የምትገናኝበት ነው። የሁለቱም ገጽ የኮርቻ ቅርጽ አለው፤ በአንደኛው አቅጣጫ ጎድጎድ፣ በሌላው ጎበጥ ያለ ነው። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ተለይቶ ወደ ውጭ የሚከፈተው፣ ወደ መዳፍ የሚታጠፈው፣ ዞሮም ከትንሿ ጣት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በዚህ ቅርጽ ምክንያት ነው። ይህ ነፃነት ዋጋ አለው። አጥንቶቹ እርስ በርስ ጠልቀው ስለማይያያዙ መገጣጠሚያው ጸንቶ የሚቆመው በሊጋመንቶችና በጡንቻዎች ብርታት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ የአስከሬን ጥናት በትራፔዚየምና በዚህ መገጣጠሚያ ዙሪያ 16 ሊጋመንቶችን ዘርዝሯል፤ ለአንዲት ጣት ሥር ብዙ ነው። ቀደም ሲል ኢተንና ሊትለር የተባሉት የእጅ ቀዶ ሐኪሞች በ1973 ካሳተሙት ሥራ ወዲህ ትኩረቱ ሁሉ በመዳፍ በኩል ባለው ሊጋመንት ላይ ነበር። ኋላ የመጡት ጥናቶች ግን በጀርባ በኩል ያሉት ይበልጥ ወፍራምና ጠንካራ እንደሆኑ፣ የነርቭ ጫፍም በብዛት የሚገኘው በእነርሱ ውስጥ እንደሆነ አሳይተዋል። እኔም የጀርባዎቹን የሚያስቀድሙትን እደግፋለሁ፤ ምክንያቱም በሽታው ሲገፋ አጥንቱ ሾልኮ የሚወጣው በጀርባና በውጭ በኩል ነው።

ጭነቱን ደግሞ ይመልከቱት። ኩኒና ቻኦ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1977 ባወጡት ስሌት በጣት ጫፍ 1 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ስንቆነጥጥ በአውራ ጣቱ ሥር መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው 12 ኪሎ ግራም ያህል ነው። አጥብቀን ስንጨብጥ እስከ 120 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። የጫፉ ኃይል ሥሩ ላይ ሲደርስ ይህን ያህል የሚባዛው ጡንቻዎቹ የሚጎትቱት ከመገጣጠሚያው በጣም ቀርበው ስለሆነ ነው። ሹሩባ ሠሪ፣ ጥጥ ፈታይ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቀኑን ሙሉ ነጭ ሽንኩርት የሚልጥ የወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ሁሉም ቀላል የሚመስለውን ቆንጠጣ ደጋግመው የሚሠሩ ናቸው። ይሁንና በሽታው በሥራ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የወር አበባቸው በተቋረጠ ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል፤ ዘርም ድርሻ አለው። ስለዚህ ‹ሥራዬ ነው የጎዳኝ› ብለው ራስዎን አይውቀሱ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። አጥንቱን የሚሸፍነው ልም አጥንት ነርቭ የለውም፤ መበላቱ በራሱ አያምም። ሕመሙ የሚመጣው ከመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን፣ ከዙሪያው ከረጢት፣ ከሊጋመንቶቹና ከልም አጥንቱ ሥር ካለው አጥንት ነው። በዚህ ምክንያት ራጁ እጅግ የከፋ ሆኖ ብዙም የማያማቸው ሰዎች አሉ፤ ራጁ ቀላል ሆኖ የሚሠቃዩም አሉ። ሐኪም የሚያክመው ሰውየውን እንጂ ፎቶውን መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ጅማቶቹ። አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ሲዘረጉ በአንጓዎ ጎን ላይ በሁለት የተወጠሩ ጅማቶች መካከል ጉድጓድ ይታይዎታል። በመዳፍ በኩል ያለው ወሰን ሁለት ጅማቶች ተጠጋግተው የሚሄዱበት ነው፤ አብዳክተር ፖሊሲስ ሎንገስና ኤክስቴንሰር ፖሊሲስ ብሬቪስ ይባላሉ። በጀርባ በኩል ያለው ኤክስቴንሰር ፖሊሲስ ሎንገስ ነው፤ እስከ አውራ ጣቱ ጫፍ ድረስ ይዘልቃል። በጉድጓዱ ወለል ላይ ትራፔዚየምን ጨምሮ የአንጓ አጥንቶች አሉ፤ ጣትዎን ቀስ አድርገው ቢያሳርፉ የራዲያል ደም ቅዳ ምት ይሰማዎታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጅማቶች በአንጓው ጎን ባለው የአጥንት ጉብታ ላይ በጠባብ ሽፋን ሥር ያልፋሉ። ያ ሽፋን ሲወፍርና ሲያጠብባቸው የሚፈጠረውን ሕመም የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ፍሪትዝ ደ ከርቫን በ1895 ገልጾታል፤ በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የመጀመሪያው ሐኪምዎ የጠረጠረው ይህን መሆን አለበት፤ መርፌውም የተወጋው ወደዚያ ሽፋን ሥር ነው። መለያው ቦታው ነው። የደ ከርቫን ሕመም ከጣቱ ሥር ከፍ ብሎ በአንጓው ጉብታ ላይ ሲጫኑ ይወጋል፤ አውራ ጣትን በጭብጥ ውስጥ ይዘው እጅን ወደ ትንሿ ጣት ሲያዘነብሉም ይነሣል። የመገጣጠሚያው ሕመም ግን ከዚያ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ የአውራ ጣቱ የመዳፍ አጥንት በሚጀምርበት ላይ ነው። ሐኪም ያንን አጥንት ይዞ በትራፔዚየም ላይ እየጫነ ሲያሽከረክረው ሕመሙ ይነሣል፤ አንዳንዴም ሲፈጭ ይሰማል። መርፌው አልሠራም ማለት ደ ከርቫን የለም ማለት ላይሆን እንደሚችል ግን ማስታወስ ይገባል። በብዙ ሰዎች ኤክስቴንሰር ፖሊሲስ ብሬቪስ በሽፋኑ ውስጥ በግድግዳ ተከልሎ ለብቻው ስለሚያልፍ መድኃኒቱ ሊስተው ይችላል። ጥርጣሬው ከቀጠለ የሚያዋጣው ትንሽ ማደንዘዣ በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ ሰጥቶ ማየት ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ቆንጠጣው ሕመም አልባ ከሆነ ምንጩ መገጣጠሚያው ነው።

አብዳክተር ፖሊሲስ ሎንገስ በዚህ በሽታ ውስጥ የተለየ ሚና አለው። የሚጣበቀው በአውራ ጣቱ የመዳፍ አጥንት ሥር ላይ ነው፤ በአብዛኛው ሰው አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለትና ከዚያ በላይ ዘለላ ሆኖ ይወርዳል፤ አንዱ ዘለላ ትራፔዚየም ላይ የሚጣበቅባቸውም አሉ። ሊጋመንቶቹ ጤነኛ ሳሉ ጣቱን ይከፍታል። ሲላሉ ግን ያው ጉተታ የአጥንቱን ሥር ወደ ውጭና ወደ ጀርባ ያወጣዋል። በአንጻሩ አዳክተር ፖሊሲስ የሚባለው ጡንቻ ከመሐል ጣት የመዳፍ አጥንት ተነሥቶ አውራ ጣትን ወደ መዳፍ ይስባል፤ የቆንጠጣው ዋና ኃይልም እርሱ ነው። ሥሩ ወደ ውጭ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ሲጎተት አጥንቱ ይዘምማል፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል። ሰውየው ሰፊ ነገር ለመያዝ ሲፈልግ ክፍተቱን ከሥር ስለሚያጣው መካከለኛውን መገጣጠሚያ ወደ ኋላ እያጠፈ ይተካዋል። በመጨረሻ ጣቱ የተሰበረ መስመር ይመስላል፤ ሥሩም ላይ ጉብታ ይወጣል።

ይህን ጉብታ አይተው ‹ወለምታ ነው፣ አጥንቱ ወጥቷል› ብለው ወጌሻ ዘንድ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። አጥንቱ በከፊል መውጣቱ እውነት ነው። ገፍተው ቢመልሱት ግን አይቆይም፤ የሚይዘው ሊጋመንት ላልቷልና እጁን እንደለቀቁት ተመልሶ ይወጣል። በተደጋጋሚ መታሸቱ የሚያተርፈው የተቆጣውን ከረጢት ይበልጥ ማስቆጣት ነው።

የኳሱ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ኳስ አጥብቆ መጭመቅ በዋናነት የሚያበረታው አዳክተር ፖሊሲስንና ጣቶችን የሚያጥፉትን ጡንቻዎች ነው፤ ቀድሞም የበረታውንና አጥንቱን የሚያዘምመውን ወገን ማለት ነው። ‹የደከመ እጅ ይጠንክር› የሚለው ሐሳብ ለስትሮክ ሕመምተኛ ወይም ከስብራት ለሚያገግም ሰው ያገለግል ይሆናል፤ ለዚህ መገጣጠሚያ ግን አልመክረውም። ካመመዎት መተው አለብዎት። መበርታት የሚገባቸው ሌሎች ናቸው። ኦፖነንስ ፖሊሲስ የአውራ ጣቱን አጥንት ወደ መዳፍ ፊት አዙሮ ያመጣል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው የመጀመሪያው ዶርሳል ኢንተሮሲየስ ደግሞ ከሁለቱ ጣቶች የመዳፍ አጥንቶች ይነሣል፤ ሲሠራ የአውራ ጣቱን ሥር ወደ ሌባ ጣት በኩል ይስበዋል፤ ይህም ሾልኮ ከሚወጣበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። ልምምዱ ቀላል ነው፦ አውራ ጣትዎን ክብ ዕቃ እንደያዘ ሰው ዘና አድርገው አጥፈው፣ ሌባ ጣትዎን ወደ አውራ ጣቱ በኩል በጎን ይግፉ፤ በሌላኛው እጅዎ ወይም በላስቲክ ቀለል ባለ ኃይል ይቃወሙት። ካመመ ኃይሉን ይቀንሱ። በክፍተቱ ውስጥ ያለውን አዳክተር በሌላኛው እጅ ለስለስ አድርጎ ማላላትም ጠቃሚ ነው፤ እየጠበበ የሄደውን ክፍተት ይመልሳል።

አንድ ጅማት ቀርቶኛል፤ ፍሌክሰር ካርፒ ራዲያሊስ። አንጓን የሚያጥፍ ሲሆን ወደ ሌባ ጣት የመዳፍ አጥንት ሲሄድ በትራፔዚየም ላይ ባለ ቦይ ተጠግቶ ያልፋል። በዚያ የበቀለ የአጥንት እሾህ ሊያቆስለው ስለሚችል አንዳንድ ሕመምተኛ በመዳፍ በኩልም ያመዋል። ይህን ጅማት በቀዶ ሕክምናው ክፍል እንደገና እናገኘዋለን።

ወደ ነርቮቹ ስንሄድ የሚያንቀሳቅሱትንና ስሜት የሚያደርሱትን ለይቶ ማየት ግድ ነው። እንቅስቃሴውን ሦስቱ የእጅ ነርቮች፣ ራዲያል፣ ሚዲያንና አልናር፣ ተካፍለውታል። አውራ ጣትን የሚከፍቱትና የሚያቀኑት ሦስት ረጃጅም ጅማቶች ጡንቻ የሚታዘዘው ክንድ ውስጥ ጠልቆ በሚሄደው የራዲያል ነርቭ ቅርንጫፍ ነው። ኦፖነንስን ጨምሮ በአውራ ጣቱ ሥር መዳፍ ላይ ያለው የሥጋ ጉብታ ጡንቻዎች አብዛኞቹ በሚዲያን ነርቭ፣ አዳክተርና የመጀመሪያው ኢንተሮሲየስ ደግሞ በአልናር ነርቭ ይታዘዛሉ። የጣቱን ጫፍ የሚያጥፈው ፍሌክሰር ፖሊሲስ ሎንገስ ክንድ ላይ ከሚዲያን በሚለይ ቅርንጫፍ ይሠራል።

ከመገጣጠሚያው ስሜት የሚያደርሱት ግን በአብዛኛው ሌሎች ናቸው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ሂልተን በ1863 በታተመው ትምህርቱ መገጣጠሚያን የሚያገለግል ነርቭ መገጣጠሚያውን የሚያንቀሳቅሱትን ጡንቻዎችና በላዩ ያለውን ቆዳም ያገለግላል ብሎ ነበር። እዚህ መገጣጠሚያ ላይ ይህ ሕግ በከፊል ብቻ ይሠራል። በጀርባና በጎን በኩል የሚመጣው የራዲያል ነርቭ የቆዳ ቅርንጫፍ ነው፤ ከአንጓው 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከጡንቻ ሥር ወጥቶ ከቆዳ በታች ይወርዳል፤ ጠባብ አምባርና የሰዓት ማሰሪያ የሚያስቆጡትም ለዚህ ነው። በጎንና በመዳፍ በኩል ከላይኛው ክንድ የሚወርድ የክንድ የጎን ቆዳ ነርቭ አለ። በመዳፍ በኩል የሚዲያን የመዳፍ ቆዳ ቅርንጫፍ ይጨመራል። ሦስቱም በዚህ ሥፍራ ቆዳንና መገጣጠሚያን ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው፤ አንድም ጡንቻ አያዙም። ከእነርሱ ሌላ የሥጋ ጉብታውን ጡንቻዎች የሚያዘው የሚዲያን ቅርንጫፍ፣ በአንዳንድ ሰዎች ደግሞ አልናር፣ ቀጭን ክር ወደ መገጣጠሚያው ይልካሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ክሩን ብቻ ነጥሎ ዋናውን ግንድ መተው አለበት።

የሌሊቱ መደንዘዝ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የተበላ መገጣጠሚያ ያማል እንጂ ጣት አያደነዝዝም። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሐል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከሆኑ፣ ሌሊት ቀስቅሶዎት እጅዎን ሲያራግፉት ከቀለለዎት፣ የሚዲያን ነርቭ አንጓ ላይ በሚያልፍበት የካርፓል ዋሻ ውስጥ ተጨንቋል ማለት ነው። ትራፔዚየም የዚያ ዋሻ አንዱ ግድግዳ ነች፤ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ መገኘታቸውም የተለመደ ነው። በአውራ ጣቱ ሥር የሥጋ ጉብታ ላይ ያለው ቆዳ ስሜቱን ሳያጣ ጣቶቹ ብቻ ከደነዘዙ ይህ ይበልጥ ያጠናክረዋል፤ የመዳፉ ቆዳ ቅርንጫፍ ዋሻው ውስጥ አይገባምና። ትንሿ ጣት ከደነዘዘች ግን ጉዳዩ አልናር ነው፤ አንገትዎን ሲያንቀሳቅሱ ከባሰብዎት ምንጩ አንገት ሊሆን ይችላል። የትኛውም ይሁን የነርቭ ምርመራ ሳይደረግ ስለ መገጣጠሚያው ቀዶ ሕክምና ማሰብ ቸኩሎ መፍረድ ነው። መደንዘዙ ቀንም መቀጠል ከጀመረ፣ ወይም የሥጋ ጉብታው ከሌላኛው እጅዎ አንጻር እየሰለለ ከሄደ አይዘግዩ፤ በጊዜ ያልተፈታ ነርቭ ያሰለለው ጡንቻ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ነርቭ ወደ መቁረጡ ልመለስ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ጀርመናዊው አልብሬክት ዊልሄልም በ1966 ስለ መገጣጠሚያ ነርቮች መቁረጥ ጽፏል። በዚህ መገጣጠሚያ ላይ የወጡት ጥናቶች በአብዛኛው ጥቂት ሕመምተኞችን የያዙ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሕመማቸው እንደቀለለ ይገልጻሉ። ጥቅሙ አጥንት ስለማይነካ ማገገሙ ፈጣን መሆኑ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ግልጽ ነው፦ የተንሸራተተውን አጥንት አይመልስም፣ የዘመመውን ጣት አያቀናም፤ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። በጣቱ ጀርባ ላይ ትንሽ የደነዘዘ ሥፍራ ሊቀር፣ አልፎ አልፎም በተቆረጠው ጫፍ ላይ የሚያም የነርቭ እብጠት ሊበቅል ይችላል። መገጣጠሚያው ገና ቅርጹን ላልለቀቀ፣ ሕመሙ ዋና ችግሩ ለሆነና ሥራውን ለወራት ማቆም ለማይችል ሰው ተገቢ ምርጫ ይመስለኛል። ጣቱ አስቀድሞ ለዘመመበት አይመስለኝም።

ለገፋው በሽታ ረጅም ዕድሜ ያለው ቀዶ ሕክምና ትራፔዚየምን ማውጣት ነው፤ ጀርቪስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1949 ጽፎበታል። በ1986 በርተንና ፔሌግሪኒ የተባሉ ቀዶ ሐኪሞች የፍሌክሰር ካርፒ ራዲያሊስን ጅማት ከፊሉን ወስደው ሊጋመንት እንዲሆን አሰሩበት፤ የቀረውን ጠቅልለው በባዶው ሥፍራ ሞሉት። ሌሎች ደግሞ የአብዳክተር ፖሊሲስ ሎንገስን አንድ ዘለላ ይጠቀማሉ፤ ብዙ ዘለላ ያለው ጅማት አንዱን ቢሰጥ አይጎዳም። ይሁንና ሁለቱን ዘዴዎች ያነጻጸሩት ጥናቶች ጅማት መጨመሩ አጥንቱን ብቻ ከማውጣት እንደሚበልጥ አላሳዩም። ስለዚህ ሐኪምዎ ቀላሉን ከመረጠ አነሰኝ አይበሉ። በየትኛውም ቢሆን የቆንጠጣ ኃይል የሚመለሰው በወራት ነው፤ ለሹሩባ ሠሪ ይህ ገቢን የሚነካ ውሳኔ ስለሆነ በበዓል ሰሞን ዋዜማ አይወስኑት።

ከዚያ በፊት ግን ገና ያልሞከሯቸው አሉ። የአውራ ጣቱን ሥር ብቻ ይዞ ጫፉን ነፃ የሚተው አጭር ድጋፍ ያሠሩ፤ ሲሠሩ ለስላሳውን፣ ሌሊት ጠንከር ያለውን። የዲክሎፌናክ ቅባት በእጅ መገጣጠሚያ ላይ ይረዳል፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የደም ግፊት ችግር ካለብዎት ከሚዋጠው ክኒን ይልቅ እርሱን ያስቀድሙ። ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ለአንዳንዱ ለሳምንታት ያቀልላል፤ ከዚያ በላይ አልጠብቅበትም፣ መደጋገሙንም አልወድም። የማበጠሪያዎን እጀታ በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ያወፍሩት። ፀጉር ሲለዩ በቆንጠጣ ይዘው ከመቆየት በመቆንጠጫ ያስይዙት። ክዳን በመክፈቻ ይክፈቱ፤ ልብስ ከመጭመቅ ይልቅ አንጠልጥለው ያንጠባጥቡት።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማደንዘዣውን ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ ሰጥተው እንዲፈትኑት፣ የነርቭ ምርመራ እንዲያዝዙልዎ፣ ራጁንም አውራ ጣቱ ብቻ ተለይቶ ከፊትና ከጎን እንዲነሣ። የሙሉ እጅ ራጅ ላይ ይህ መገጣጠሚያ አግድሞ ስለሚወጣ በደንብ አይታይም።